አፈር ስሆን ጉረስልኝ

እትዬ ዘርፌሸዋል ወደ አፈር መለወጥ የጀመሩት ከእግራቸው ጣቶች ነው። ጠዋት ነበር፤ ፊልም እየቀረጽን ነበር፤ ትዕይንቱም ኮሜዲ ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ትዕይንቱን ልንገራችሁ። አንድ እጮኛ ሠርጉን ሊያፈርስ አማቱ ቤት ይመጣል። ሊናገር አፉን በከፈተ ቁጥር አማቲቱ ያጎርሱታል። በመጨረሻ ይነቃና አፉን ግጥም አድርጎ ይዘጋል። ያን ጊዜ እሳቸው ጉርሻውን አየር ላይ ይዘው «አፈር ስሆን!» ይላሉ። እሱ አይጎርስም። እሳቸውም እጃቸውን አያወርዱም። በቃ፣ ይኸው ነው።

ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ ቀልድ የለም። ሳቁን የሚሠራው ካሜራው ነው። እኔ ረዳት ካሜራማን ነኝ፤ ሙያውን ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ብቻዬን ስለተማርኩት ማስረዳት አያቅተኝም። ካሜራው ከተንቀሳቀሰ ተመልካቹ ይገላገላል። ሙዚቃ ከገባም ይገላገላል። ወደ ሌላ ሾት ከተቆረጠማ አለቀ። ስለዚህ ካሜራው ራቅ ብሎ ዝም ይላል። በሁለቱ ሰዎች መሀል ባዶ ግድግዳ ይታያል፤ ግድግዳው ፊት አንድ እጅ ተንጠልጥሏል። ተመልካቹ «ኧረ አንዳችሁ አንድ ነገር በሉ!» እያለ በእነሱ ፈንታ ያፍራል። እፍረቱ መውጫ ሲያጣ በሳቅ በኩል ይወጣል።

ችግሩ መሐላው ነው። «አፈር ስሆን» የተባለ ሰው ቶሎ የሚጎርሰው በይሉኝታ ብቻ አይደለም፤ ሲጎርስ መሐላው ይፈታል፤ እስኪጎርስ ግን ይሠራል። እኛ ደግሞ እንዳይጎርስ ነበር የምንፈልገው።

በመጀመሪያው ቀረጻ የእግራቸው ጣቶች ሄዱ። አማቲቱን የሚጫወቱት እትዬ ዘርፌሸዋል ጫማቸውን አውልቀው አራገፉት።

«ኪሩቤል ልጄ፣ እግሬ አፈር ሆነ» አሉ።

ዳይሬክተሩ ኪሩቤል መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየ። «መሶቡ ይጋርደዋል፣ እትዬ። ፍሬም ውስጥ አይገባም።»

«እሱማ አይገባም።»

«ዝምታው ግን አጠረብን። እንድገመው?»

እጮኛውን የሚጫወተው ምንተስኖት ከመቀመጫው ተነሳ። «ልጉረስና ይብቃ እንጂ! ሴትዮዋ እያለቁ ነው'ኮ።»

«ከጎረስክማ አንድ ሰው ምሳውን በላ፤ ምኑ ያስቃል?» አለው ኪሩቤል።

ቃሉን ለመቀየርም አስበን ነበር። «"በሞቴ" ቢሉስ?» አልኳቸው እኔ።

«እሱማ ቶሎ ነው፣ የኔ ልጅ።»

ምንተስኖት አጠገባቸው ሄዶ ቁጢጥ አለ። «ይተዉት በቃ፣ እትዬ። ሌላ ሰው ይፈለግ።»

«ምን ሆነህ ነው አንተ! ዕድሜ ልኬን ሬሳ ላይ ሲያስለቅሱኝ ነው የኖሩት። ልጇ የሞተባት እናት ስትፈለግ፣ ዘርፌሸዋልን ጥሩ። አንድ ቀን እንኳ ይሳቅልኝ እንጂ። አንተ ብቻ አደራ፣ ወገቤን ሳያልፍ ጉረስልኝ።»

ምንተስኖት «እናቴ ት...» ብሎ ጀመረና አፉን በእጁ ያዘ። «እሺ» አለ ብቻ።

በሁለተኛው ቀረጻ እስከ ጉልበታቸው ሄዱ። ዝምታው ተሻሽሏል፤ ድምፅ ቀራጩ እንዳይስቅ ሻርፑን ነክሶ ነበር። ኪሩቤል ግን ከዚህም በላይ እንደሚሄድ ታይቶታል።

በሦስተኛው ኪሩቤል ከካሜራው ጀርባ ቆሞ መዳፉን ለምንተስኖት ዘረጋለት፤ ቆይ ማለቱ ነው። አፈሩ ከበርጩማው ላይ ጤፍ ከስልቻ እንደሚፈስ በቀስታ ይወርዳል። ወገባቸውን አለፈ። የምንተስኖት ዓይን ከእሳቸው ወደ መዳፉ፣ ከመዳፉ ወደ እሳቸው ይመላለሳል። ግንባሩን አላበው። ይህን ዓይነቱን ጭንቀት ተዋናይ አስመስሎ አያመጣውም፤ እውነት መሆን አለበት። እኔም ካሜራውን አልነካሁም። ሌንሱን ትንሽ ባቀርበው ኖሮ ነገሩ ድራማ ይሆን ነበር።

እትዬ ዘርፌሸዋል ወደ ታች አላዩም። ፊታቸው ላይ ያለው የአማት ፈገግታ አልተነቃነቀም። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ሳቃችንን ለማፈን አፋችንን ይዘን ነበር። ይህን አዩ። ደስ እንዳላቸው ያስታውቃል።

ራሳቸው፣ ትከሻቸውና ክንዳቸው ብቻ ሲቀር ምንተስኖት የኪሩቤልን መዳፍ ማየት ትቶ ተወረወረና ጎረሰ። ጣቶቻቸው ከንፈሩ ላይ ፈረሱ፤ የቀረውም ተከትሎ ፈሰሰ።

«ካት! ግሩም ነው!» አለ ኪሩቤል። ያን ጊዜ እንደ ልባችን ሳቅን።

በአሠራራችን ከሰፊው ሾት ቀጥሎ የተዋናዩ ፊት ለብቻው በቅርብ ይወሰዳል። ታዲያ ተዋናዩ የሚያየው ነገር ቦታው ላይ ከሌለ ዓይኑ ይዋልላል፤ ተመልካች ይነቃል። ስለዚህ አፈሩን በአካፋ ሰብስበን በርጩማው ላይ በእሳቸው ቁመት ከመርነው። ነጠላቸውን ደረብንለት።

አሁን ምንተስኖትን የሚያቋርጠው ሰው የለም። «እማማ፣ ሠርጉ ይቅር» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት።

ክምሩን እያየ አፉን ከፈተ። ሳይናገር አፉን ዘጋና ማኘክ ጀመረ። አፉ ውስጥ ምንም አልነበረም፤ ሾቱ ቅርብ ስለሆነ በደንብ ይታያል። ድምፅ ቀራጩ ማዳመጫውን አውልቆ እኔ ጆሮ ላይ አደረገው። ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ ጥርስ መሀል እንደገባ አሸዋ። «ካት» የሚል ሰው ጠፋ።

ምንተስኖት ዋጠ። ነጠላው ሥር ያለው ክምር በአንድ ጉርሻ ልክ ዝቅ አለ። ከዚያ አፉን እንደገና ከፈተ።