የተሰነቀ ብርድ

ልጅቷ በመድኃኒት ቤታችን ደጃፍ ተቀምጣ ሁለተኛውን ኮዳ ውኃ ጨረሰች። ሸጋዬ ትባላለች፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አባቷ አያ ንብረት ከገጠር ወደ ቡሬ ይዘዋት የመጡት ኢንሱሊኗ ሊያልቅ ስለሆነ ነበር። ጣቷን ወግቼ ስለካት መሣሪያው ቁጥር መስጠት አቃተው፤ ስኳሯ ከሚለካው በላይ ሆኗል።

«በቀን ሁለቴ እወጋታለሁ፤ አንድም ቀን አልዘለልሁ» አሉ አያ ንብረት። «ግን ሌባ ናት። ቆርጬ ያስቀመጥሁትን ማር እየሄደች ትልሳለች።»

«አልነካሁም» አለች ሸጋዬ ቀና ሳትል።

«ዝም በይ! ባትነኪማ መድኃኒቱ ይይዝሽ ነበር። ባለፈው ሳምንት ገረፍኋት፣ ሐኪሟ። ምን ላድርግ? እያየኋት ልትሞትብኝ ነው።»

ኢንሱሊኑን የሸጥንላቸው እኛ ነን። ወደ ፍሪጁ ሄድኩ።

አንካራ አምስት ዓመት ፋርማሲ ተምሬ ከተመለስኩ አራት ወር ሆነኝ። መጀመሪያ የሠራሁት ነገር በፍሪጁ በር ላይ የሙቀት መመዝገቢያ ቅጽ መለጠፍ ነበር። በቀን ሁለቴ ይሞላል፤ ማታ እኔ እፈርምበታለሁ። አንድም ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም። አምስት ዲግሪ፣ አምስት፣ አምስት። ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ቅጹ ግን እስከ እሑድ ተሞልቷል።

«ማህዲ!» አልኩ። ማህዲ የአጎቴ ልጅ ነው፤ እዚህ ሲሠራ ስድስት ዓመቱ። «የሐሙስን ሙቀት ዛሬ እንዴት አወቅከው?»

«ሰኞ ሰኞ ነው የምሞላው። ተቆጣጣሪ ድንገት ቢመጣ ባዶ እንዳያገኝ። አንቺስ ትፈርሚበት የለ?»

እውነቱን ነው። የምፈርመው የዕለቱን መስመር ብቻ እያየሁ ነው፤ በሩን ከፍቼ አላውቅም። አሁን ስከፍተው ኢንሱሊኑ ከመደርደሪያው የለም። ማህዲ ላይኛውን የበረዶ ክፍል ከፈተልኝ። ብልቃጦቹ በረዶ ውስጥ ተጣብቀው ተደርድረዋል።

«መብራት ሲመጣ እዚህ አስገባዋለሁ፤ ሲጠፋ አወርደዋለሁ» አለ በኩራት። «ብርድ ይሰንቃል። ሁለት ቀን መብራት ባይኖር እንኳ አይሞቅም። አንካራ ይኼን አላስተማሩሽም?»

«ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሆነ አበቃለት እኮ! ሞቅ ቢልበት ይሻለው ነበር።»

አንካራ ስለ መድኃኒት ማቀዝቀዣ የተጠየቅኩትን ሁሉ መልሻለሁ። መብራት መጥቶ የሚሄድበት ሰው ምን ብልሃት እንደሚፈጥር ግን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ማህዲን አልጠየቅኩትም። ቅጽ አምጣ አልኩ፣ ቅጽ ሰጠኝ።

አያ ንብረት በጨርቅ ጠቅልለው የያዙትን ብልቃጥ ተቀብዬ ነቀነቅኩት። እንደተቋጠረ ወተት ያለ ነጭ ፍርፋሪ ከጠርሙሱ ጋር ተጣብቋል፤ አልሟሟም አለ።

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት አባቴ ኑርሁሴን ጥግ ካለው ወንበራቸው ተነስተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ዓፊፋ፣ በቶሎ ሆስፒታል ይውሰዷት በያቸው። ምክንያቱን መንገር ምን ያደርጋል?»

«ቤት ሄደው በማር ያሳብባሉ፣ አባ። እንደገና ይገርፏታል።»

«ኑርሁሴን የተበላሸ መድኃኒት ሸጠ ሲባልስ?»

«ተበላሽቷላ!»

ድምፄ ከሚገባው በላይ ከፍ አለ። አያ ንብረት ዞረው አዩን። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«አያ ንብረት፣ ልጅዎ ማር ባትነካም ስኳሯ ይወጣ ነበር። የሸጥንልዎ መድኃኒት እኛ ዘንድ በረዶ ሆኖ ኃይሉን የጨረሰ ነው። ጥፋቱ የኛ ነው፤ የርስዎም የሷም አይደለም። አሁኑኑ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል መድረስ አለባት።»

ብልቃጡን ከእጄ ወስደው በብርሃን አገላብጠው አዩት። ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅኩ።

«ታዲያ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ልጄን የገረፍኋት በናንተ በረዶ ነው?»

ሸጋዬ አባቷን ቀና ብላ አየች፤ እሳቸው ግን ሊያዩዋት አልቻሉም። ማህዲ ሮጦ ሚኒባስ አስቆመ። አባቷ አቅፈው ሲያስገቧት እግሮቿ እንደ ሕፃን ተንጠለጠሉ። ማህዲም ብልቃጡን ይዞ አብሯቸው ገባ፤ ማንም ሂድ አላለውም።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ደወለ።

«ተቀብለዋታል። ፈሳሽ ሰክተውላታል፤ ትናገራለች። ሰውዬው አያናግሩኝም። ዓፊፋ፣ ሐኪሙ ‘ከናንተ የወሰዱት ሌሎቹስ?’ አለኝ።»

የስኳር ሕሙማን መዝገቡን አወጣሁ። ሌሎች ስድስት ሰዎች ወስደዋል። አባቴ መዳፋቸውን ገጹ ላይ አሳረፉ።

«ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ስም ነው» አሉ።

«እጅዎን ያንሱልኝ፣ አባ።»

አላነሱም። የመጀመሪያው ስልክ ቁጥር ግን በጣቶቻቸው መካከል ይነበብ ነበር። መታሁት፤ አንዲት ሴት «አቤት» አለች።

«ዓፊፋ ነኝ» አልኳት፣ «የኑርሁሴን ልጅ፤ ከመድኃኒት ቤቱ።»

አባቴ እጃቸውን ሳያነሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ።