የኦቦ ቦጂያ እሾህ

እሾሁን ያነሳው ፉአድ ነው። ይህን ከአሁኑ እንናገረው፤ እሱ ስድስት ወር ሙሉ ሸሽጎታልና እኛም አብረን አንሸሽግለት። ያነሳው በክፋት አልነበረም። ሳይክል ነጂ እሾህ ሲያይ ደሙ ይፈላል፤ ያን ቀን ደግሞ ጎማው ሁለት ጊዜ ተበስቶበት፣ የያዘውን ማጣበቂያ ጨርሶ፣ በቀረችው አንዲት መለዋወጫ ከመነዳሪ እየተማመነ ነበር የሚነዳው።

ፉአድ ጉደር ላይ የሚያስተምር የጂኦግራፊ መምህር ነው። ተወልዶ ያደገው ድሬዳዋ ነው፤ ገና እግሩ ፔዳል ሳይደርስለት ሳይክል የነዳ ልጅ። ወደዚህ በመጣ በሁለተኛው ዓመት ወፍራም ጎማ ያለው የተራራ ሳይክል ከአዲስ አበባ በአይሱዙ አስጭኖ አስመጣ፤ ከዚያ ወዲህ ያልረገጠው የወንዝ ዳር የለም። በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ያፈሰሰውን፣ የጉደር ወንዝ ደግሞ ቁልቁል የሰነጠቀውን ጥቁር ድንጋይ በጠመኔ ስሎ ሲያስተምር ተማሪዎቹ ያንቀላፋሉ። እዚያው ሸለቆው ውስጥ ወርደው ቢያዩት ግን እንቅልፋቸው እንደሚጠፋ እርግጠኛ ነበር። ተማሪዎቹን ማውረድ ባይችልም ስምንት የሚሆኑ መምህራንና የቢሮ ሠራተኞች አሰባስቦ የሳይክል ክበብ አቋቋመ። መንገዶቹን አንድ በአንድ እየነዳ በስልኩ መዘገበ፤ ለየመንገዱም ስም አወጣ።

ከሁሉ የሚወደው ከወንዙ ፏፏቴ በታች በገደሉ ጫፍ ጫፍ የሚሄደውን ነበር። እዚያ መንገድ ላይ ያለው ቤት አንድ ብቻ ነው፤ የኦቦ ቦጂያ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ናቸው። ክበቡ ባለፈ ቁጥር ውኃ ይዘው ይወጡና ሳይክሎቹን ዞር ዞር ብለው እያዩ፣ «ገብስ የማይበላ ፈረስ! ታዲያ ሲደክመው በምን ታውቃላችሁ?» ይላሉ። ሁልጊዜ ይህንኑ ይላሉ፤ ሁልጊዜም ያስቃሉ።

በዚያ አገር የእግር መንገድ ሲበላሽ ማመልከቻ አይጻፍም። ቅርብ ያለው ቤት እሾህ ቆርጦ ይጋርድበታል፤ እሾሁን ያየ ሁሉ፣ ከብት የሚነዳም ቢሆን፣ ለምን ሳይል ይዞራል። የሚያነሳውም ያው ያስቀመጠው ሰው ነው፣ መንገዱ ሲበጅ። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ፉአድ አያውቅም ነበር፤ የሚነገር ነገር ነው ብሎ ያሰበ ሰው ስላልነበረ ማንም አልነገረውም።

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ ክበቡ የዓመቱን የመጀመሪያ ጉዞ ሊያደርግ በዋዜማው ቅዳሜ፣ ፉአድ መንገዱን ሊያይ ብቻውን ወረደ። ከኦቦ ቦጂያ ቤት አለፍ ብሎ መንገዱ ወደ ገደሉ ከሚጠጋበት ላይ ሁለት ትልልቅ የቀጋ ቅርንጫፎች ተጋድመው አገኘ። አንዱ ላይ የደረቁ ቀይ ፍሬዎች አሉ። በግንዳቸው ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጭኗል። ድንጋዩ እንኳ ሊያሳስበው ይገባ ነበር፤ ድንጋይ ብቻውን እሾህ ላይ አይወጣም። እሱ ግን ከሳይክሉ ወርዶ፣ «ደግሞ ሦስተኛ!» ብሎ ተሳድቦ፣ ድንጋዩን በእግሩ ገፍቶ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ወደ ገደሉ ወረወራቸው። መንገዱን ያጸዳ መስሎት ደስም አለው። አልፎ ሄደ፤ መሬቱ ምንም አላለም። በስልኩ ላይ፣ «ንጹሕ ነው፣ ለነገ ዝግጁ» ብሎ ለክበቡ ላከ።

እሑድ ጠዋት ፉአድ ፊት ሆኖ ነዳ። እሱ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ ሦስተኛዋ ጃለኔ ስትደርስ መሬቱ ከሥሯ ከዳ። የክረምቱ ጎርፍ ከሥር ቦርቡሮት ኖሯል። ጃለኔ የጉደር ልጅ ናት፣ ሒሳብ የምታስተምር፣ ከሁሉም ይልቅ ጎበዝ ነጂ። የሦስት ሰው ቁመት በሚሆን ገደል ከነሳይክሏ ወርዳ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ወደቀች። ነፍሷ ተረፈ፤ ቀኝ ክንዷ ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ጩኸቱን ሰምተው ኦቦ ቦጂያ እየሮጡ መጡ። ልጅቷን ከገደል ሲያወጡ ከሁሉ በላይ የሠሩት እሳቸው ናቸው። በኋላ ግን መንገዱ ላይ ቆመው ዙሪያቸውን አዩና፣ «እሾህ አድርጌ ነበር» አሉ። «ትናንት ጠዋት። እዚህ ጋ። ይኸው ድንጋዩ!»

ወደ መሬት ያመለከቱትን ሁሉም አዩ። ጥቁር ድንጋይ ነው። ሸለቆው በሙሉ ጥቁር ድንጋይ ነው። ተከትሏቸው የመጣው ልጃቸው ፊራኦል ትከሻቸውን ይዞ፣ «አባዬ፣ ላደርግ ብለህ አስበህ ይሆናል» አለ፣ ሰው እንዳያፍርባቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሽማግሌው፣ «አድርጌያለሁ!» ብለው ማሉ። ፉአድ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። እኔ ነኝ ሳይል የጃለኔን ቃሬዛ ሊይዝ ሄደ።

መጀመሪያ፣ ጊዜው አይደለም ብሎ ነው። ሐኪም ቤት ደግሞ ሰው በዛ። በሳምንቱ፣ ትንሽ ይርገብ አለ። አንድ ወር ሲያልፍ፣ አሁን ብናገር እስካሁን የት ነበርክ እባላለሁ አለ። ሰው ለራሱ ምክንያት ሲፈልግ አያጣም፤ ፉአድም አላጣም። በዚህ መሀል ለጃለኔ የማይሆነው ነገር አልነበረም። የተማሪዎቿን ፈተና ያርምላታል፣ ለሕክምና አምቦ ስትመላለስ አብሯት ይሄዳል፣ ሾርባ ይልክላታል። እናቷ፣ «እንዲህ ያለ ልጅ የት ይገኛል!» እያለች ትመርቀዋለች፤ ምርቃቱን ሲሰማ የሚገባበት ይጠፋዋል። አንድ ቀን ጃለኔ ራሷ፣ «የሚገርመኝ» አለችው፣ «እኔ የዚህ አገር ልጅ ነኝ። እሾህ ባይ ኖሮ እዞር ነበር። ሳልጠይቅ እዞር ነበር።» ያን ቀን ወደ ቤቱ የሄደበትን መንገድ አያስታውስም።

በሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ጉደር ውስጥ ጎሚስታ ጋ ጎማ ሊያስሞላ ቆሞ ሳለ ፊራኦል ባጃጁን አቁሞ ሰላም አለው።

«ኦቦ ቦጂያ ደኅና ናቸው?» አለ ፉአድ፣ እንደ ወግ።

«አባዬ?» አለ ፊራኦል። «አባዬማ አልቋል፣ መምህር። አካሉ ደኅና ነው፤ ጭንቅላቱ ነው። ያን ጊዜ እሾህ አድርጌያለሁ ብሎ ማለ አይደል? እኛ እንዲያርፍ ብለን አስበህ ይሆናል አልነው። አሁን እሱም አምኗል። በቀን ሦስት ጊዜ ላሞቹን ይቆጥራል። ምሳ በልቻለሁ ወይ ብሎ እናቴን ይጠይቃል። በላህ ስትለው ዝም ብሎ ያያታል።»

«ታመው ነው?»

«እርጅና ነዋ። ጠበል ወሰድነው። መጥረቢያውን ደበቅንበት፣ ራሱን እንዳይጎዳ። እርሻውንም ተቀበልኩት። ተው ስንለው እሺ አለ፤ አባዬ እሺ ብሎ አያውቅም ነበር።» ፊራኦል ፊቱን አዙሮ ጎማውን የሚሞላውን ሰው ማየት ጀመረ። «የሰው ልጅ እንዲህ ነው» አለ።

ፉአድ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያጠፋው የአንድ ክንድ ጥፋት ነው ብሎ ነበር የሚያስበው፤ ክንዱም ድኗል። አሁን ግን አንድ ሰው የገዛ ትዝታውን እንዲጠራጠር አድርጎ፣ ስድስት ወር ሙሉ ሲፈርስ ቆሞ እንዳየ ገባው። ረመዳን ሊገባ ሳምንታት ቀርተዋል። የአላህን አላህ ይምራል፤ የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ ካልማረ እንደማይማር ከልጅነቱ ሲሰማ አድጓል። ጎማው ሳይሞላለት ሳይክሉን እየገፋ ሄደ።

በማግስቱ ለጃለኔ ነገራት። ሳያሳምር ነገራት። ተሰብሮ የነበረውን ክንዷን በሌላው እጇ ያዘች።

«ሾርባው ለዚህ ነበር?» አለችው።

«አዎ።»

«እኔን አሁን ይቅርታ እንዳትጠይቀኝ፤ ብትጠይቀኝ እሰድብሃለሁ። ሂድና መጀመሪያ ለእሳቸው ንገር። ዛሬ ሂድ።»

የገደሉን ጫፍ ትቶ በላይኛው መንገድ ዞሮ ሄደ። ኦቦ ቦጂያ በራፋቸው ላይ ጉቶ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው፤ በዚያ ሰዓት ተቀምጠው አይቷቸው አያውቅም። ሚስታቸው አዴ ጉዴ ጎናቸው ሆነው ምስር ይለቅማሉ። ኦቦ ቦጂያ ሳይክሉን ሲያዩ ፈገግ አሉ፤ ስለ ገብሱ ግን ምንም አላሉም። የሚሉትን እንደረሱት ሁሉ አየት አደረጉት። ፉአድ ያን ቀልድ ስንቴ እንደሳቀበት አስታወሰ።

«ና ተቀመጥ፣ መምህር። ጾም ነው፣ እርጎ የለንም። ቆሎ ትበላለህ።»

«ኦቦ ቦጂያ፣ ልቀመጥ አልመጣሁም። እሾሁን ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

«የትኛውን እሾህ?»

«ጃለኔ የወደቀች ጊዜ የነበረውን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥቼ አነሳሁት። ለምን እንደተቀመጠ አላወቅኩም። እርስዎ ሲምሉ አጠገብዎ ቆሜ ነበር፤ እያወቅኩ ዝም አልኩ።»

ሽማግሌው ይቆጣሉ ብሎ ጠበቀ። ቢመቱትም ዝግጁ ነበር፤ እንዲያውም ፈልጎት ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸውን አጥብበው ወደ ፊት ጎንበስ አሉ።

«ስንት ነበር?» አሉ።

«ምኑ?»

«ቅርንጫፉ! ስንት ነበር?»

«ሁለት።»

«ምን እንጨት?»

«ቀጋ። አንዱ ላይ ቀይ ፍሬ ነበረው።»

«ላዩ ላይስ? ምን ነበረበት?»

«ጠፍጣፋ ድንጋይ። በእግሬ ገፋሁት።»

«በየት በኩል?»

«በግንዱ በኩል፣ ወደ ቤቱ።»

ኦቦ ቦጂያ ብድግ አሉ። «በግንዱ በኩል!» ብለው ጮኹ። «ሁለት! ፍሬ ያለው! በግንዱ በኩል!» የፉአድን ክንድ ጨብጠው ነቀነቁት። እየሳቁ ነበር፤ እንባቸውም እየወረደ ነበር። «ያ ኢልመ ኮ! ልጄ! አድርጌ ነበር! እኔ'ኮ ታየኝ፣ ሁልጊዜ ይታየኛል፣ ድንጋዩን ሳስቀምጥ ጣቴን እንደቆነጠጠኝ ሁሉ ይታየኛል። ስድስት ወር ሙሉ፣ ይህም ሕልም ነው እያልኩ…»

ፉአድ ይህን አልጠበቀም። በጥፊ ቢሉት ይሻለው ነበር። የመጣው ጥፋቱን ሊናገር ነው፣ እሳቸው ግን ስጦታ እንዳመጣላቸው ሰው ነው የያዙት፤ ስጦታው ደግሞ ከስድስት ወር በፊት ራሱ የወሰደባቸው ነው።

«ይቅር ይበሉኝ» አለ።

«እሱን ቆይ። ለእሷ፣ ለባለቤቴ ንገራት። አማርኛው ብዙም አይገባትም፣ በአፋን ኦሮሞ ንገራት። ከእኔ አፍ አይሁን፣ እኔን ማን ያምነኛል።»

የፉአድ አፋን ኦሮሞ የገበያ ነው፤ ከሰላምታና ከሽንኩርት ብዙም አያልፍም። ወደ አዴ ጉዴ ዞሮ፣ «ቆራቲ ሰነ አነቱ ካሴ» አለ፤ ያን እሾህ ያነሳሁት እኔ ነኝ ማለቱ ነው። ድምፁ ስለተሰበረ ደገመው።

አዴ ጉዴ የምስሩን ሰፌድ መሬት ላይ አስቀመጡ። መጀመሪያ ፉአድን አዩት፤ ያን አስተያየት እስከ ዕድሜው መጨረሻ አይረሳውም። ከዚያ ባላቸውን አዩ፣ ረዘም ላለ ጊዜ። ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲወጡ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ነጠላውን ፈትተው መጥረቢያውን አወጡና ለባላቸው በሁለት እጃቸው ሰጡ።

ኦቦ ቦጂያ ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት። «ዶልዱሟል» አሉ፤ ድምፃቸው የዱሮው ድምፅ ነበር። ከዚያ ወደ ፉአድ ዞሩ፤ ሳቁ ከፊታቸው ጠፍቷል።

«አሁን ተቀመጥ፣ መምህር» አሉ። «ይቅርታውን እናየዋለን። ፊራኦል እየመጣ ነው፤ ለእሱም ትነግረዋለህ። ነገ ጎረቤቱን እጠራለሁ፤ ለእነሱም ትነግራቸዋለህ። እኔ ስምል የሰማ ሁሉ ይሰማ።»

ፉአድ ጉቶው ላይ ተቀመጠ። ከላይኛው መንገድ የባጃጅ ድምፅ እየቀረበ መጣ፤ ባጃጁ ከመቆሙ በፊት ተነስቶ ቆመ።