የላብራቶሪ አመል

ላብራቶሪ ውስጥ አንድ መጥፎ አመል አለኝ። ማይክሮስኮፑ ላይ ባጎነበስኩ ቁጥር የካንሰር ሴሎቹን «ሙቱ! ሙቱ እንጂ፣ እናንተ ደረቆች!» እያልኩ እጨቀጭቃቸዋለሁ። ጤነኛ ሴል ሲበላሽ ራሱን ያጠፋል፤ እነዚህ ግን መሞት የሚባለውን ነገር እርግፍ አድርገው ረስተውታል። እኛም የሚያስታውሳቸውን ጂን፣ በሽታ የማምጣት አቅሙን ባስወገድንበት ቫይረስ ላይ አሳፍረን እንልክባቸዋለን።

ይህ መድኃኒት በሰው ላይ መሞከር ሲጀምር፣ ካንሰር የያዘው አባዬም ከታካሚዎቹ አንዱ ሆነ። አርባ ዓመት ልብስ የሰፋ ሰው ነውና፣ ሐኪሟ አንገቱ ላይ ያለውን እብጠት መድኃኒቱን በያዘ መርፌ ስትወጋው ዓይኑን እንኳ አላሸም። እኔ ግን እጁን ይዤ እብጠቱ ላይ እንዳፈጠጥኩ አመሌ አመለጠኝ።

«ሙት! ሙት እንጂ፣ አንተ ደረቅ!»

ሐኪሟ ክው ብላ ቀረች። አባዬ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«እኔን ነው?»

«ኧረ እኔን ይድፋኝ አባዬ! እሱን ነው፣ እብጠቱን!»

እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እኔ ግን በሐፍረት ፊቴ እየነደደ፣ ውሃ ላምጣለት ብዬ ወጣሁ።

ስመለስ ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን እብጠቱ ላይ አሳርፏል። በልጅነታችን አልተኛም ስንል ያባብለን በነበረው ድምፅ ያንሾካሹክለታል።

«በል፣ ያለችህን እሺ በላት። እኔም እኮ አልታከምም ብዬ ከርሜ፣ እዚህ የመጣሁት እሷን ሰምቼ ነው።»