ለአንድ ጠዋት የተዋስኩት ባል

«ጤና ጣቢያው ባል የሌላትን ከበር ይመልሳል» ትላለች ልብስ አጣቢዋ ጎረቤታችን። ሰኞ አለችው፤ ማክሰኞ አለችው፤ ረቡዕ ደግሞ የሰው አንሶላ እየጨመቀች ደገመችው። ልብስ በአንድ ውኃ ታወጣለች፤ ወሬ ግን በሦስት ታለቀልቃለች።

ላላምናት ፈልጌ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ሆዴ ሲገፋ ቢያሰናብተኝም ማንበብ አላቆምኩም። ልጄ ስድስት ሳምንት ሲሞላት ለክትባት ይዣት ሄድኩና ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሁሉ አነበብኩ፤ ስለ ባል የሚል የለም። ግን ወረቀት አይጠይቅም፤ ዘበኛው ይጠይቃል። ዱላውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ «ባልሽስ?» አለኝ። ከፊቴ የነበረችው ሴትዮ ባሏን በክርኗ እየገፋች ገብታለች። እኔ አንገቴን አልደፋሁም፤ ዞሬ ሄድኩ። ኩራት እግር አለው፤ መርፌ ግን የለውም።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሰፈራችን ትክትክ ገባ። የጎረቤት ሕፃን ሲስል እየሰማሁ ልጄን ታቅፌ መቀመጥ አልቻልኩም። ጫማ ሰፊው ጋ ሄድኩ። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል።

«ጋሼ፣ ለአንድ ጠዋት ባል ይሁኑኝ።»

በጥርሳቸው የያዙትን ክር ለቀቁት። «ልጄ፣ እኔ እኮ ለራሴ ሚስትም ጥሩ ባል አልነበርኩም።»

«ጥሩ መቼ አልኩ? በር የሚያሳልፍ ይበቃኛል።»

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ከምሳ በፊት ፈትቼዎታለሁ።»

በነጋታው ኮታቸውን ለብሰው፣ የራሳቸውን ጫማ ግን ሳይሰፉ መጡ። ዘበኛው «ባልሽስ?» ሲለኝ በአገጬ ጋሼን አመለከትኩ። እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ፤ ከዚያ ኪሳቸውን ይፈትሽ ጀመር። ወስፌ አገኘ። ወስፌው በር ላይ ቀረ፤ ባሌ ገባ።

ካርድ ክፍል ያለችው ጸሐፊ የልጄንና የእኔን ስም ጽፋ ቀና አለች። «አባባ የልጅቷ አያት ናቸው?»

«ባሌ ናቸው።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አንቱ ነው እንዴ የምትያቸው?»

«በደንብ ነው ያሳደጉኝ።»

ልጄ ስትወጋ አለቀሰች፤ ጋሼ ከእሷ ባሱ። ነርሷ መሐረብ አቀብላቸው ስታበቃ ልታስተምራቸው ቃጣት። «የሚቀጥለውን ልጅ ቢያንስ ሁለት ዓመት ያራርቁት።»

«እኔ ሠላሳ አራርቄያለሁ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ።

ካርዴን እንደ ዲፕሎማ ይዤ ወጣሁ። ዘበኛው ወስፌውን ሲመልስ ምላሴ አላርፍ አለ። «ባል የሌላትን ስትመልስ ትንሽ አታፍርም?»

«ማንን መለስኩ?»

«‹ባልሽስ› እያልክ ስንቷን!»

ግራ ገብቶት ጋሼን አየ። «ወንድ ፈትሽ፣ ሴት አትፈትሽ ተብያለሁ። የሚከተልሽ ወንድ ካለ እንድፈትሸው ነው የምጠይቀው። የለም ያለችኝን አሳልፋለሁ።» ዱላውን ወደ ሌላው ብብቱ አዛወረ። «ልጃገረዶቹ ግን ሳይመልሱልኝ ነው የሚዞሩት። ዕቃ ረስተው እየመሰለኝ ስንት ዓመቴ።»