ጣፊያ ላይ የቆሙት

አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የአውቶብስ ስምሪት ተቆጣጣሪ ነበር። የትኛው አውቶብስ ስንት ሰዓት እንደወጣ፣ የት እንደደረሰ፣ የትኛው ሾፌር የትኛው ሻይ ቤት በር ላይ ሞተር አጥፍቶ እንደሚያንቀላፋ ያውቃል። እኔ የት እንደምውል ግን አንድም ቀን አላወቀም፤ ታርጋ የለኝማ።

ስለዚህ ሐኪሙ ሕክምናውን ሲያስረዳን ከእኔ ቀድሞ የገባው ለእሱ ነው። ተረከዙ ላይ የጀመረው የቆዳ ካንሰር ብሽሽቱ ላይ እንቁላል የሚያህል እጢ ሆኖ ተቀምጧል፤ ያልተሞከረ መድኃኒት ስላልቀረ ገና በጥናት ላይ ያለ ሕክምና ውስጥ አስገቡት። ከእጢው ቆርጠው፣ ውስጡ ያገኟቸውን በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ወር አራቧቸውና በቢሊዮን አድርገው በደም ሥሩ መለሱለት። የት እንደሚሄዱ ለመከታተል ጥቂቶቹ ላይ ካሜራ የሚያየው ደካማ ጨረር አኑረውባቸዋል።

«ታርጋ ለጥፈንባቸዋል በለኛ» አለው አባቴ ሐኪሙን።

«እንደዚያ ይበሉት፣ አባባ።»

«መድረሻቸውስ?»

«ብሽሽትዎ። ከደረሱ ሁለተኛ ዙር እንሰጥዎታለን። ካልደረሱ...» ሐኪሙ የእስክሪብቶውን ክዳን ከፈተና ዘጋው።

አባቴ ጡረታ ሲወጣ መመለስ የነበረበትን የስምሪት ደብተር ከኪሱ አወጣ። የወጡበት ሰዓት፦ ማክሰኞ፣ አራት ከአሥር። የገቡበት ሰዓት፦ ባዶ። ማብራሪያ፦ ባዶ። የመጨረሻው አውቶብስ ሳይገባ ስምሪት አይዘጋም፤ እናቴ ይህን ሕግ ከተጋቡ ጀምሮ ስትረግመው ኖራለች።

በመጀመሪያው ፎቶ ሳንባው በራ።

«መንገድ ላይ ናቸው፤ ሁሉም በዚያ ነው የሚያልፉት» አለች የካሜራ ባለሙያዋ።

«ዋና መንገድ ነዋ።»

በማግስቱ ሳንባው ጨልሞ በግራ ጎኑ ጣፊያው በራ።

«እዚህ ደግሞ ምን ይሠራሉ?»

«ትንሽ ያርፋሉ፣ ጋሼ።»

«ሻይ ቤት ገብተዋል በይኛ።»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም፤ ሾፌሮቹን ያውቃቸዋል።

አርብ ዕለት ለሦስተኛው ፎቶ ማሽኑ አርባ ደቂቃ ከላዩ ሲንፏቀቅ፣ እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ቆሜ ባለሙያዋን አያለሁ። ስክሪን ማንበብ አልችልም፤ ፊት ግን አያቅተኝም።

«ወንበር ላምጣልህ?» አለችኝ።

ሁለቱን ቀን ቆሜ ስታየኝ ወንበር ትዝ ብሏት አያውቅም።

ሐኪሙ ቢሮ ስዕሉን አሳየን። ጣፊያው ቦግ ብሏል። ብሽሽቱ መብራት እንደጠፋበት ሰፈር ድርግም።

«ሕዋሳቱ በጣም ጥሩ ሁኔታ ላይ ናቸው» አለ። «ደምዎ ውስጥ ያለው ቁጥራቸውም አልቀነሰም። እንዲያውም ከተሳታፊዎቻችን ሁሉ የእርስዎ ናቸው ጠንካሮቹ።»

«እነሱ ደህና ናቸው?»

«በጣም።»

«ተመስገን ነው» አለ አባቴ፣ የጎረቤት ልጅ ፈተና ማለፉን እንደተነገረው ሰው።

ሁለተኛ ዙር የለም። ሕክምናው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ጥናቱ ግን አያበቃም። ሕዋሳቱ ስንት ጊዜ እንደሚቆዩ ለማወቅ፣ አባቴ ፈቃደኛ ከሆነ፣ በየወሩ ደም ይሰጣል። ቅጹ ታትሞ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀን ነበር። የክትትል ቀጠሮ ያላቸው ሕዋሳቱ ናቸው፤ አባቴ የተቀመጡበት ዕቃ ነው።

«እስከ መቼ?» አልኩት።

ሐኪሙ የእስክሪብቶውን ክዳን ከፈተና ዘጋው። ከዚያ እስክሪብቶውን ለአባቴ ሰጠው።

«አባዬ፣ አትፈርም። ምን አገባህ?»

«ያሰማራኋቸው እኔ ነኝ። ሳይገቡ ጥዬ የት እሄዳለሁ?» አለና ፈረመ።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ወንበር ጋ ሲደርስ ተቀመጠ። ቀጠሮው ለወር እንደሆነ ነገርኩት፤ አልተነሣም። ደብተሩን አወጣና ማብራሪያው ላይ በዚያ ቀጥ ባለ የመሥሪያ ቤት ጽሕፈቱ «ጣፊያ ላይ ቆመዋል» ብሎ ጻፈ። የገቡበት ሰዓት የሚለው ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። ስልኬ ጠራ፤ እናቴ ናት። አላነሣሁትም።

አባቴ ደብተሩን ጭኔ ላይ አስቀመጠው።

«ይቺን መስመር አንተ ነህ የምትዘጋት።»

«ምን ብዬ?»

«ሰዓቱን ብቻ። ማብራሪያውን እኔ ጽፌዋለሁ።»