የሙሴ ጋስቶን ገድል

ሙሴ ጋስቶን ፈረንሳዊ ነው፤ አውሮፕላን ያበራል፣ መጽሐፍም ይጽፋል። የጣሊያን እንግዳ ሆኖ ቡሬ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ የገዛ ሕይወቱ ለፈረንሳይ ሕፃናት በሥዕል መጽሐፍ ሆኖ እንዲወጣ አዘዘ። ሌላ ሰው እስኪያስብለት ቢጠብቅ ትሕትና በሆነ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ሰውየው ቸኩሏል።

ለሥዕሉ የተመረጡት አለቃ ክንፈሚካኤል ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የሣሉ። ተመረጡ ስንል፣ ሁለት ወታደሮች መጥተው፣ የሚካኤልን ግድግዳ ከጀመሩበት አውርደው፣ ከነቀለማቸው ወደ ጣሊያን ምሽግ ነዷቸው ማለታችን ነው። ልጃቸው ይሄይስ ለአርበኞች ስንቅ አቀብለሃል ተብሎ እዚያው ምሽግ ውስጥ ታስሯል። የጠቆመው አስተርጓሚው ደረሰ መሆኑን አገር ያውቃል።

«መጽሐፉ አምሮ ካለቀ ይሄይስ ይፈታል» አላቸው ራሱ ደረሰ፣ የመልካም ዜና አብሳሪ መስሎ። «ካላማረ ግን ይሰቀላል።»

አለቃ ብራናቸውን ዘረጉ። ጋስቶን በእናቱ ጭን፣ ጋስቶን ከደመና በላይ፣ ጋስቶን በረሃ ላይ ወድቆ ሲነሣ። ይህ ሁሉ ደግ። ቀጥሎ ግን ከጣሊያኖቹ ጋር በፈረስ ቤት ገበያ ላይ የበረረበትን ቀን ሣሉልኝ አለ። ከላይ ሲያዩት ፍንዳታው አበባ ይመስላል፣ ብሎ በእጁ እያሳየ አስረዳቸው። የአለቃ እህት እናኑ ያን ቀን ጨው ልትገዛ ወጥታ ነበር፤ አበባውን ያየችው ከታች ነው።

በአለቃ ሙያ ሕግ አለ። ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ሰይጣንና ይሁዳ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህን ቤተ ክርስቲያን የሳመ ሁሉ ያውቃል። አለቃ የልጃቸውን አንገት አሰቡ፣ እናኑን አሰቡ፤ እጃቸው ግን ሳይጠይቃቸው ጋስቶንን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ዓይን ሣለው።

ጋስቶን ሥዕሉን ሲያይ አለቃ ትንፋሻቸውን ያዙ። እሱ እቴ! አፍንጫው በጎን እንዲህ ማማሩን እስከዛሬ ማንም አልነገረውም ነበርና፣ ጨብጧቸው እየሣቀ ወጣ።

ደረሰ ግን አልወጣም። ግሽ ዓባይ በድቁና አድጓልና ሕጉን ያውቃል።

«አለቃ፣ ይችን ነገር ብናገር ይሄይስ ነገን አያይም።»

አለቃ ብራናውን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«ምነዋ ደነገጡ? አልናገርም። ብቻ እኔንም ከሰውየው አጠገብ ይሣሉኝ።» ድምፁ ዝቅ አለ። «በሁለት ዓይን ይሁን።»

ወይ ጉድ! ሰው ሲያሳስር ከርሞ ጽድቁን ደግሞ በቀለም ሊገዛ መጣ። አለቃ ብሩሻቸውን ፊቱ ላይ ቢወረውሩለት ደስ ባላቸው። ግን ግድግዳው ማዶ ይሄይስ ሲያስል ይሰማል።

ሣሉት። ሠላሳ ዓመት ያልዋሸ ብሩሽ ያን ቀን ዋሸ፤ ለደረሰ እንደ ጊዮርጊስ ያሉ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ሰጠው። ደረሰም አይቶት አለቀሰ። ባንዳም ያለቅሳል ለካ።

ይሄይስ ከስቶ፣ ፀጉሩ ጎፍሮ ሲወጣ የመጨረሻው ገጽ ገና አልደረቀም ነበር። አባቱን ስሞ ሲያበቃ ሥዕሉን አየ። ጋስቶን ቆሟል፣ ደረሰ አጠገቡ ነው፤ ከእግራቸው ሥር አንድ ባለ ጥምጥም ሽማግሌ ተደፍቷል።

«ይሄ ማነው፣ አባባ?»

«ሠዓሊው ነዋ። እኔ ነኝ።»

«አንድ ዓይን ብቻ ነው'ኮ የሣሉለት!»

«ደረሰን በሁለት የሣለ ሰው» አሉ አለቃ ቀለማቸውን እየሰበሰቡ፣ «ራሱን በስንት ሊሥል ኖሯል?»

ልጃቸውን አስቀድመው ከምሽጉ ወጡ። ስለ ይሄይስ አንድም ቀን አልተጸጸቱም። ብሩሽ ግን ከዚያ ወዲያ አላነሡም፤ የሚካኤል ግድግዳ እኩሌታው ባዶውን ቀረ።