በሌላ ሰው ምራቅ

ዶዘር የጤና ጣቢያውን ዘበኛ በቡጢ አፍንጫውን ሲለው የሰውየው ቆብ ከአጥሩ ማዶ ሄዶ ወደቀ። ጎሚስታዋ አልደነገጠችም። ዶዘር ወንድሟ ነው፤ ጫኝና አውራጅ ነው፤ አፍ ከፈታ ጀምሮ ነገር የሚያስረዳው በእጁ ነው። እሷን ያስደነገጣት ትከሻዋ ላይ የተደገፈው የባሏ ትንፋሽ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ከመነዳሪ ስትለጥፍ ኖራለች፤ የጎማ አየር የት ጋ እንደሚያመልጥ በጆሮዋ ትለያለች። የባሏ ደረት ልክ እንደ ተበሳ ከመነዳሪ ሲጥ፣ ሲጥ ይላል። ይኼኛው ግን በየት በኩል እንደሚለጠፍ አታውቅም።

"ግቢ እትዬ!" አለ ዶዘር፣ የዘበኛውን ደም ከጡጫው ላይ በሱሪው እየጠረገ። "በሩ ተከፍቷል።"

"ተከፍቷል ይለኛል! ሰው ሰብረህ አይደል የከፈትከው?"

"ያው መከፈቱ ነው።"

ገቡ። ያ ሳንባ የሚይዝ ጉንፋን ከተማውን ካመሰው ወዲህ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ሰው የሚሰለፈው መርፌ ለመወጋት አልነበረም፤ ለመትፋት ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። በሽተኛው በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ምራቁን እስከ መስመሩ ይተፋል። ማሽኑ ምራቁ ውስጥ ያለውን ምልክት አይቶ፣ ሰውነቱ ከውስጥ ምን ያህል እየተቃጠለ እንደሆነ፣ በሽታው ሊብስበት ነው ወይስ ሊተወው፣ ይናገራል። ቀይ ከወጣ ኦክሲጅን ወዳለበት ክፍል ይገባል። ቢጫ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። አረንጓዴ ወደ ቤቱ። ሐኪሙ የሚያየው ቀይና ቢጫውን ብቻ ነው፤ አረንጓዴ በመስኮት ይሸኛል። ያሳለው ሁሉ ቢተኛ አልጋው ከየት ይመጣል? ደግ አሠራር ነው። የፈራ ሰው ግን በደግ ነገርም ይጣላል።

መስኮቱ ጋ እስኪደርሱ ዶዘር በክርኑ ስንቱን እንደደቆሰ እሱም አያውቀውም። ምራቅ ተቀባይዋ ፊቷን በላስቲክ የሸፈነች ቀጭን ልጅ ነች። ብልቃጡን በጓንት እጇ አቀበለቻቸው።

"እስከ መስመሩ። ውኃ እንዳይጠጣ፣ አፉንም እንዳይጉመጠመጥ።"

ባልየው ብልቃጡን ከንፈሩ ላይ አደረገ። በያጅ ነው፤ ብረት እንደ ጨርቅ የሚሰፋ ሰው። አሁን ግን ምላሱ ላንቃው ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ አለው። እንትፍ አለ። ምንም። ደግሞ እንትፍ አለ። ከተሰነጠቀ ከንፈሩ አየር ብቻ ወጣ።

"ሰውዬ፣ ምራቅህን ነው የጠየቁህ፣ ነፍስህን አይደለም!" አለ አንዱ ከኋላ። የሳቀም ነበር።

"መትፋት ያቃተው ወደ ኋላ ይሂድ! እኛም ልጅ ታሞብናል!"

ወዲያው አንዲት ወፍራም ሴት ጎሚስታዋን ከኋላ በፀጉሯ ጨምድዳ ሳበቻት። "ሳትሰለፊ ገብተሽ ደግሞ መስኮቱን ትገትሪያለሽ?"

ጎሚስታዋ ዞር ብላ ለመመለስ ጊዜ አልፈጀችም። በግንባሯ አፍንጫዋን ገጨቻት። ተያይዘው ወደቁ። አንዷ ጆሮ ስትነክስ ሌላዋ ጉሮሮ ታንቃለች፤ አቧራው አፋቸው ገባ። ምራቅ ተቀባይዋ ሥራዋን ትታ በመስኮቱ ግማሽ አካሏን አውጥታ "ጥበቃ! ኧረ ጥበቃ!" ትላለች። ሰው መሃል ገብቶ ሲያላቅቃቸው ጎሚስታዋ በጭብጧ የሰው ፀጉር ይዛ ተነሳች። ብልቃጡ እስከ መስመሩ ሞልቶ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል።

"ተፋ?"

"ሞልቷል" አለ ዶዘር፣ ወደ ጣሪያው እያየ።

"ጎሽ የኔ ጌታ!" ብላ የባሏን ግንባር ሳመችው። ከንፈሯን አቃጠላት።

ግድግዳ ሥር ቁጭ ብለው ጠበቁ። ባልየው ማውራት ትቷል፤ የጣቶቹ ጫፍ ቀለም ቀይሯል። በመጨረሻ ልጅቷ በመስኮቱ ተጣራች።

"የበያጁ! አረንጓዴ ነው። ቤት ወስዳችሁ ፈሳሽ ስጡት።"

"ምን አልሽ?"

"አያሰጋውም እናት። ማሽኑ ነው ያለው።"

"ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ዓይኑ ተገልብጦ፣ አያሰጋውም? ውጪና እዪው!"

"ከኋላሽ ሰው አለ፣ እናት" ብላ ልጅቷ የመስኮቱን መስታወት ዘጋች።

ጎሚስታዋ መስታወቱን በጡጫዋ አለችው። ስብርባሪው ልጅቷ ክንድ ላይ ተሰካ፤ እሷም ጮኸች። ያን ጊዜ ያ አፍንጫው የተሰበረው ዘበኛ ጓደኞቹን አስከትሎ ደረሰ። ዱላው መጀመሪያ ያረፈው ጎሚስታዋ ትከሻ ላይ ነው። ቀጥሎ ጀርባዋ ላይ። እየጎተቱ አወጧቸው፤ ባሏን እንደ ሲሚንቶ ከረጢት አስፋልቱ ላይ ጣሉት፤ አገጩ ተላጠ።

ዶዘር ግን በማንም ላይ እጁን አላነሳም። አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ጎሚስታዋ ነገሩ የገባት ይኼኔ ነው። እህቱ እየተደበደበች ዶዘር እጁን ሰብስቦ የወጣበት ጠብ በዕድሜዋ አይታ አታውቅም።

"አንተ፣ ምን አድርገህ ነው?"

ዶዘር ጎንበስ ብሎ የባልየውን አገጭ ደም ጠረገ።

"ምን አድርገህ ነው እኮ የምልህ!"

"ወረፋው ሊያልፈን ሆነ እትዬ። አፉ ደረቀ። አንቺ መሬት ላይ ነሽ፣ ልጅቷም ዞር ብላለች። እኔ... ተፋሁለት።"

"ያንተን ምራቅ?"

"እኔም ሰሞኑን እያሳለኝ አይደል? ከሱ ነው የያዘኝ፤ ያው አንድ በሽታ ነው ብዬ ነው። ማሽኑ በሽታው አለ ወይስ የለም የሚል መስሎኝ።"

ከሥራ ስትጠራ እንዳለች ነበር የመጣችው፤ የጎማ መፍቻው ብረት ሽርጧ ኪስ ውስጥ ነበር። አውጥታ ክንዱን አለችው። ቀው አለ። ደገመችው። "አንድ እሳት ነው ብለህ ድንጋይና እንጨት እኩል ይነዳል? አንተ በሬ! ያንተ ምራቅ ያንተን ጤና ነው የሚያወራው!" ጎድኑን አለችው። አልተከላከለም፤ በእያንዳንዱ ምት "እሺ እትዬ፣ እሺ" ብቻ ይላል። ክንዷ ሲዝል ብረቱን ጣለችው።

"ተመለስና ንገራቸው።"

"አሁን ብገባ ይገድሉኛል እኮ።"

"ይግደሉሃ!"

ዶዘር ባሏን አንስቶ ጀርባዋ ላይ አሳዘላት። ከዚያ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ወደ በሩ ሄደ። "የተፋሁት እኔ ነኝ!" አለ፣ ሠፈሩ እስኪሰማ። "አረንጓዴው የኔ ነው! ሰውየው አልተመረመረም!"

ዘበኞቹ ንግግሩን አላስጨረሱትም። አፍንጫው የተሰበረው ዱላውን ጭንቅላቱ ላይ አሳረፈ። ዶዘር ተንገዳግዶ የበሩን ምሰሶ አቀፈ፤ በሩንም በሰውነቱ ወጥሮ እንዳይዘጋ ያዘው። በአንድ በኩል ይወርዱበታል፣ በሌላው በኩል እህቱ ባሏን አዝላ በብብቱ ሥር አለፈች። ዞር ብላ አላየችውም።

የሐኪሙን በር በእርግጫ ከፈተችው። ሐኪሙ ከወንበሩ ሲነሳ ባሏን ጠረጴዛው ላይ፣ ወረቀቱና ስልኩ ላይ አጋደመችው።

"ምራቁ የሱ አልነበረም። የወንድሜ ነው። ገርፈኝ፣ እሰረኝ፣ እሱን ብቻ እየው!"

ሐኪሙ የበሽተኛውን ከንፈር አየ። ወዲያው ኦክሲጅኑን አስጎትቶ ጭምብሉን ፊቱ ላይ ጫነ። "ምራቅ ውሰዱለት!"

"አፉ ደርቋል፣ ዶክተር። መትፋት አይችልም።"

"ለደረቀ አፍ ስፖንጅ አለ። ምላሱ ሥር አስቀምጦ ማውጣት ነው። ምራቅ ተቀባይዋ አልነገረቻችሁም?"

ክንዷን በፋሻ የጠቀለለችው ልጅ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። "መቼ ጠየቁኝ? ሲደባደቡ ነበር እኮ!"

ስፖንጁ ምላሱ ሥር ገባ፤ ወጣ። ሲጠብቁ ከውጭ የዱላው ድምፅ ይመጣል። ስጋ ላይ ሲያርፍ ሌላ ነው፣ አጥንት ላይ ሌላ። የባሏን እጅ ይዛ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

"ቀይ" አለች ልጅቷ። "በጣም ቀይ።"

"አልጋ!" አለ ሐኪሙ። ወደ ጎሚስታዋም ዞሮ፣ "ገብቷል እንጂ አልዳነም፤ እንዳትሳሳቺ" አላት።

"ገብቷል አይደል?"

"ገብቷል።"

እጁን ለቀቀችና እየሮጠች ወጣች። ዶዘር ከምሰሶው ሥር ተዘርግቷል፤ አንዱ ዘበኛ ገና በጫማው ሆዱን እየጠለዘ ነው። ጎሚስታዋ ከመሬት ዱላ አንስታ የዘበኛውን ቅልጥም አለችው። ሰውየው ቁጭ አለ።

"ተዉት! የቀረው የኔ ድርሻ ነው!"

ማንም አልቀረባት። ዶዘር አንድ ዓይኑ ተደፍኗል፤ በሌላኛው ፈለጋትና ጥርስ ከነደሙ ተፋ።

"ገባ?"

"ገባ። ተነስ።"

"አልችልም እትዬ።"

ኮሌታውን ይዛ ጎተተችው። "ትችላለህ። የማትችለው ቤት ስንገባ ነው።"